የቧንቧው ጌታ ማን ነው? የቦርድዎክ ባለድርሻዎች፣ የሎውስ ውልና የደላዌር ፍርድ ቤቶች

ጁላይ 18 ቀን 2018 ቦርድዎክ ፓይፕላይን ፓርትነርስ በተባለው የአሜሪካ የተፈጥሮ ጋዝ ማስተላለፊያ ድርጅት ውስጥ ድርሻ የነበራቸው ሰዎች ሳይጠየቁ ሸጠው ዋሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለእያንዳንዱ ድርሻ 12 ዶላር ከ6 ሳንቲም ታስቦ ሒሳባቸው ውስጥ ገባ፤ ድርሻው ግን ከእጃቸው ወጣ። ገዢው ሎውስ ኮርፖሬሽን፣ የቲሽ ቤተሰብ ለረጅም ዘመን ሲመራው የኖረ የኒው ዮርክ ኩባንያ ሲሆን፣ ከሕዝብ እጅ ለሰበሰበው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ድርሻ በጠቅላላው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከፈለ። ጉባኤ አልተጠራም፣ ድምፅ አልተሰጠም፣ በዋጋው ላይም የተደራደረ ሰው አልነበረም። ዋጋው የሚወጣበት ስሌት ከ12 ዓመት በላይ አስቀድሞ በተጻፈ ውል ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቅ ነበር።

ነገሩ ግራ የሚያጋባው ድርሻ ማለት አክሲዮን፣ አክሲዮን ማለትም ድምፅ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ነው። በአክሲዮን ማኅበር ውስጥ ባለአክሲዮኖች የዳይሬክተሮች ቦርድን ይመርጣሉ፤ ቦርዱ ሥራ አስኪያጁን ይሾማል፤ ሥልጣን ከገንዘቡ ባለቤት ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል። በአሜሪካ የጋዝና የነዳጅ ቧንቧ ንግድ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የገነነው አደረጃጀት ግን ይህን ቅደም ተከተል አይከተልም። የቦርድዎክ ታሪክ በዝርዝር ሊነገር የሚገባው ለዚህ ነው፤ የድርጅቱን መዝገብ ገልጦ «ማን ስንት በመቶ አለው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ትክክለኛ መልስ እያገኘም ዋናው ነገር ሊያመልጠው ይችላል።

ቦርድዎክ ጋዝ አያወጣም፤ የሚያስተላልፈው ጋዝም በአብዛኛው የሌላ ሰው ንብረት ነው። ሥራው የሰውን ዕቃ በኪራይ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ባለቤት ሥራ ይመስላል። ዋና ዋና መስመሮቹ ሁለት ናቸው። ቴክሳስ ጋዝ የተባለው ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ሰሜን እስከ ኬንታኪ፣ ኢንዲያናና ኦሃዮ ይዘልቃል፤ ገልፍ ሳውዝ የተባለው ደግሞ ከቴክሳስ እስከ ፍሎሪዳ ባሉት የደቡብ ግዛቶች ተዘርግቷል። የመስመሮቹ ርዝመት ሲደመር ከ20,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሎውስ የመጀመሪያውን በ2003፣ ሁለተኛውን በ2004 ገዝቶ በአንድ ጥላ ሥር ካዋለ በኋላ፣ በኖቬምበር 2005 ከድርሻው ከፊሉን ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ።

የዚህ ንግድ መልካም ጎኑ ገቢው የተረጋጋ መሆኑ ነው፤ ጋዝ አከፋፋዮች፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችና የጋዝ አምራቾች በቧንቧው ውስጥ ቦታ ለዓመታት በውል ይይዛሉ፤ የያዙትን ቦታ ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም አብዛኛውን ክፍያ ይከፍላሉ። ከአንድ ግዛት ወደ ሌላው የሚሻገር ቧንቧ ደግሞ ተፎካካሪው ጥቂት ስለሆነ፣ ከ1938 የተፈጥሮ ጋዝ ሕግ ጀምሮ ዋጋው «ፍትሐዊና ምክንያታዊ» እንዲሆን መንግሥት ይቆጣጠረዋል። ይህን ሥራ ዛሬ የሚያከናውነው የፌዴራል ኢነርጂ ቁጥጥር ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ አንድ ቧንቧ ሊያስከፍል የሚችለውን ከፍተኛ ታሪፍ ሲወስን የድርጅቱን ወጪ ይደምርና ተገቢ የሚለውን ትርፍ ይጨምርበታል። ከሚደመሩት ወጪዎች አንዱ የገቢ ግብር ነበር። ይህችን የግብር ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ትመለሳለች።

ቦርድዎክ የተቋቋመው በአክሲዮን ማኅበር መልክ አይደለም፤ የአገራችን የንግድ ሕግ «ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ያለበት የሽርክና ማኅበር» የሚለውን ዓይነት ሽርክና ነበር። በእንዲህ ያለው ሽርክና አንዱ ሸሪክ ሥራውን ያስተዳድራል፣ ለዕዳውም ሙሉ ኃላፊነት ይወስዳል፤ ሌሎቹ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ካዋጡት በላይ አይጠየቁም፣ በአስተዳደሩም አይገቡም። በመርካቶ ገንዘብ ያለው ገንዘቡን፣ ሙያ ያለው ሙያውን አዋጥተው የሚሠሩትን ንግድ የሚያውቅ ሰው ሐሳቡ አይከብደውም። የአሜሪካው ልዩነት የገንዘብ አዋጪዎቹ ድርሻ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ በየቀኑ መሸጥ መለወጡ ነው። ገዢው ማያ ገጹ ላይ የሚያየው ስምና ዋጋ ከማንኛውም አክሲዮን አይለይም። ልዩነቱን ብዙዎች የሚረዱት በግብር ወቅት ከተለመደው የትርፍ ድርሻ ቅጽ ይልቅ ኬ-1 የተባለው፣ ለሸሪክ የሚላከው ውስብስብ ቅጽ በፖስታ ሲደርሳቸው ነው።

ይህ ቅርጽ የተመረጠው ለግብር ጥቅሙ ነው። ኩባንያ በትርፉ ላይ ግብር ይከፍላል፣ ባለአክሲዮኑም በደረሰው የትርፍ ድርሻ ላይ ዳግመኛ ይከፍላል። ሽርክና ግን ራሱ ግብር አይከፍልም፤ ገቢው ወደ ሸሪኮቹ ያልፍና እያንዳንዱ በየፊናው ይከፍላል። በ1987 የአሜሪካ ምክር ቤት በገበያ የሚሸጡ ሽርክናዎች እንደ ኩባንያ ግብር እንዲከፍሉ ሲወስን፣ ከገቢያቸው ቢያንስ 90 በመቶው ከተፈጥሮ ሀብት ሥራና ከመሳሰሉት የሚገኝ ከሆነ ከዚህ ግዴታ ነጻ እንዲሆኑ ፈቀደ። ቧንቧ በዚያ በር ገባ።

አሁን ሥልጣኑ የት እንደተቀመጠ እንይ። የሽርክናው አስተዳዳሪ ሸሪክ ሰው አይደለም፤ ራሱ ሌላ ሽርክና ነው። ያንን ሽርክና የሚያስተዳድረው ደግሞ ኃላፊነቱ የተወሰነ አንድ ድርጅት ነው። ቦርድ ያለው ይህ ድርጅት ነው፤ ከሎውስ ሰዎች ሌላ ገለልተኛ ዳይሬክተሮችም ይቀመጡበታል። የድርጅቱ ብቸኛ ባለቤት ግን አንድ ሌላ ኩባንያ ነው፤ የዚያም ኩባንያ ባለቤት ሎውስ ነው። በላይ በላዩ የተነባበረው ይህ ሁሉ መዋቅር ለሕግ ባለሙያ ትርጉም አለው፤ ለተራው ባለድርሻ ግን ትርጉሙ አንድ ነው፦ ከግማሽ ጥቂት ያነሰውን ድርሻ የያዘው ሕዝብ ቦርዱን አይመርጥም። ሎውስ ድርሻው ከግማሽ በጥቂቱ የበለጠ ስለሆነ ብቻ አልነበረም የሚያዘው፤ አስተዳዳሪው ሸሪክ የእርሱ ስለነበረ ነው። በብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሽርክናዎች አስተዳዳሪው 2 በመቶ ብቻ ይዞም ያዝዛል፤ ለባለድርሻዎች የሚከፋፈለው ገንዘብ ከተወሰነ ደረጃ ባለፈ ቁጥርም ከጭማሪው እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ይወስዳል። ቦርድዎክም ይህ የማበረታቻ ክፍያ ነበረው።

ተራው ባለድርሻ ይህን ሁሉ የሚታገሠው በየሦስት ወሩ ለሚደርሰው ገንዘብ ሲል ነው። በፌብሩዋሪ 2014 ግን ቦርድዎክ በየሩብ ዓመቱ ለአንድ ድርሻ ሲከፍል የነበረውን 53.25 ሳንቲም ወደ 10 ሳንቲም አወረደው። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ሼል ከተባለው ዐለት ጋዝ በብዛት መውጣቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ጋዝ ለሚወስዱት መስመሮች የነበረውን ፍላጎት ለውጦት ነበር። የድርሻው ዋጋ በአንድ ቀን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህ ኋላ ለተነሣው ጠብ መነሻ ባይሆንም መሬቱን አዘጋጅቷል፤ ዋጋው ርካሽ በሆነ ጊዜ ጠቅልሎ መግዛት ለሚችል ሰው ርካሽነቱ ጥሪ ነውና።

የመጠቅለል መብቱ በሽርክናው ውል አንቀጽ 15.1(ለ) ላይ ተጽፏል። ይዘቱ በቀላል አማርኛ ሲነገር እንዲህ ነው። አስተዳዳሪው ሸሪክና ወገኖቹ ከግማሽ በላይ ድርሻ ከያዙ፣ ድርጅቱ እንደ ኩባንያ ግብር የማይከፍል መሆኑ ደንበኞችን ሊያስከፍል በሚችለው ከፍተኛ ታሪፍ ላይ ከባድ ጉዳት እንዳደረሰ ወይም ወደፊት ሊያደርስ እንደሚችል የሚገልጽ የጠበቃ አስተያየት ከቀረበ፣ አስተዳዳሪውም ያንን አስተያየት ተቀባይነት አለው ብሎ ከወሰነ፣ የሌሎቹን ድርሻ በሙሉ መግዛት ይችላል። ዋጋው ከማስታወቂያው በፊት ባሉት 180 የገበያ ቀናት የታየው የመዝጊያ ዋጋ አማካይ ነው። ከዚህ በላይ ጭማሪ የለውም፤ የንብረቱን እውነተኛ ግምትም አይጠይቅም።

አንቀጹ በ2005 ሲጻፍ ምክንያት ነበረው። በዚያን ጊዜ ኮሚሽኑ ግብር የማይከፍሉ ሽርክናዎች የገቢ ግብርን በታሪፋቸው ውስጥ እንዲያስቡ ይፍቀድ ወይስ ይከልክል የሚለው ጉዳይ አከራካሪ ነበር። ቢከለክል የሽርክናው ቅርጽ ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ሊያይል ስለሚችል፣ ሎውስ መውጫ በር አዘጋጀ። በሩ ለዓመታት ሳይነካ ቆየ። በ2016 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ለሽርክናዎች የሚፈቅደው የግብር ሒሳብ ሁለት ጊዜ ማስከፈል እንደማይሆን አላስረዳም ብሎ ጉዳዩን መለሰለት። ማርች 15 ቀን 2018 ኮሚሽኑ መልሱን ሰጠ፦ ሽርክናዎች ከእንግዲህ የገቢ ግብርን በታሪፍ ስሌታቸው ውስጥ ማስገባት አይችሉም። የቧንቧ ሽርክናዎች ድርሻ በዚያው ቀን ወደቀ። የቦርድዎክ አመራር ግን ብዙ ደንበኞቹ በድርድር ወይም በቅናሽ ዋጋ የተዋዋሉ በመሆናቸው ከፍተኛው ታሪፍ ቢቀንስም ገቢው በቅርቡ ብዙም እንደማይነካ በዚያው ወር አስታወቀ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ውሉ የሚናገረው ስለ ገቢ ሳይሆን ስለ ከፍተኛው ታሪፍ ነው። የድርጅቱ ገቢ ባይነካም ከፍተኛው ታሪፍ በወረቀት ላይ ቢቀንስ በሩ ይከፈታል ማለት ነው፤ ቢያንስ የሎውስ ጠበቆች የያዙት መንገድ ይህ ነበር።

ኤፕሪል 30 ቀን ቦርድዎክ ሎውስ የመግዛት መብቱን ለመጠቀም በብርቱ እያሰበበት መሆኑን በሩብ ዓመት ሪፖርቱ ውስጥ ገለጸ። የዚህን ዓረፍተ ነገር ክብደት ለመረዳት የዋጋ ስሌቱን ማስታወስ ያስፈልጋል። የመግዣው ዋጋ ያለፉት 180 ቀናት አማካይ ስለሆነ፣ ገበያው «ሊገዛን ነው» ብሎ ሲፈራ ዋጋው ይወርዳል፤ ዋጋው በወረደባቸው ቀናት ቁጥር ልክም አማካዩ ይወርዳል። ገዢው ያሰበውን በመናገሩ ብቻ የሚገዛበት ዋጋ ይረክስለታል። እኔ በበኩሌ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ ከጠበቆቹ ክርክር ይልቅ ይህ የስሌት ሽክርክሪት ነው፤ ውሉን ያረቀቀው ሰው አስቦበት ከሆነ ብልኅነት፣ ሳያስበው ከሆነ ደግሞ ለአንድ ወገን ብቻ የወጣ ዕጣ ነው።

በሜይ ወር ባለድርሻዎች ከሰሱ። ብዙም ሳይቆይ ከሳሾቹና ሎውስ ታርቀው፣ መብቱ በጁን መጨረሻ እንዲፈጸምና ክሱ እንዲዘጋ ተስማሙ። በአሜሪካ የደላዌር ግዛት የኩባንያና የሽርክና ክርክሮችን የሚያየው የቻንሰሪ ፍርድ ቤት ዳኛ ትራቪስ ላስተር ግን ስምምነቱ ለባለድርሻዎቹ የሚረባ ነገር አላስገኘም በማለት አላጸደቁትም። ግዢው በመካከሉ ተፈጽሞ ስለነበር የቀረው የካሣ ጥያቄ ሆነ፤ አዳዲስ ከሳሾችም ጉዳዩን ይዘው ቀጠሉ።

የደላዌር ሕግ የሽርክና ውል የአስተዳዳሪውን የታማኝነት ግዴታ ጨርሶ እንዲያስቀር ይፈቅዳል። በተለመደው ኩባንያ ውስጥ ዳይሬክተር የባለአክሲዮኖችን ጥቅም ከራሱ ጥቅም እንዲያስቀድም በሕግ ይገደዳል፤ የሰው አደራ ይዟልና። በቦርድዎክ ውል ግን አስተዳዳሪው የመግዛት መብቱን ሲጠቀም ስለ ራሱ ብቻ ማሰብ ይችላል። ሊቀር የማይችለው ውልን በቅን ልቦና የመፈጸም ግዴታ ነው። ስለዚህ ክርክሩ «ፍትሐዊ ነው ወይ?» ከሚለው ወጥቶ «ውሉ የጠየቃቸው ሁኔታዎች ተሟልተዋል ወይ?» ወደሚለው ጠበበ፤ ሁሉም ነገር በጠበቃው አስተያየት ላይ ተንጠለጠለ።

አስተያየቱን የሰጠው ቤከር ቦትስ የተባለው የጠበቆች ድርጅት ነበር። በኖቬምበር 2021 ዳኛ ላስተር ከረጅም የማስረጃ ሂደት በኋላ አስተያየቱ በቅን ልቦና የተሰጠ እንዳልሆነ ፈረዱ። በእርሳቸው አመለካከት ጠበቆቹ ደንበኛቸው የሚፈልገውን መደምደሚያ አስቀድመው ይዘው፣ ወደዚያ የሚያደርሱ ግምቶችን አንዱን በሌላው ላይ ደራርበዋል። የሎውስ ወገን 690 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወሰኑ።

ዲሴምበር 19 ቀን 2022 የደላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ፍርድ ሻረ። የሻረው ግን የቤከር ቦትስ አስተያየት ትክክል ነው ብሎ አይደለም፤ ያንን ጥያቄ መመለስ አላስፈለገውም። ውሉ አስተዳዳሪው በባለሙያ ምክር ተመርኩዞ የወሰነውን በቅን ልቦና እንደወሰነ ይቆጥርለታል፤ ሎውስ ደግሞ ስካደን ከተባለ ሌላ ትልቅ የጠበቆች ድርጅት «በቤከር ቦትስ አስተያየት ላይ መመርኮዝ ትችላላችሁ» የሚል ምክር ወስዶ ነበር። በአስተያየት ላይ የተሰጠ አስተያየት ማለት ነው። በዚህም አስተዳዳሪው ከካሣ ነጻ ወጣ። ቀሪዎቹ አቤቱታዎች እንዲታዩ መዝገቡ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመለሰ፤ ሙግቱም ከዚያ በኋላ ቀጠለ።

ፍርድ ቤቶቹ የተለያዩበት አንድ ሌላ ነጥብ አለ፤ ስለ ኩባንያ አስተዳደር ለሚያስብ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስተምረው ይህ ይመስለኛል። አስተያየቱን «ተቀባይነት አለው» ብሎ የመወሰን ሥልጣን የማን ነበር? ላስተር ገለልተኞቹ ዳይሬክተሮች የሚቀመጡበት ቦርድ መወሰን ነበረበት አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በአስተዳዳሪው በኩል ያለው ድርጅት ብቸኛ ባለቤት፣ ማለትም በሎውስ የተያዘው ኩባንያ፣ መወሰኑ በቂ ነው አለ። ከላይ የጠቀስሁት ንብብር መዋቅር እዚህ ላይ ትርጉሙ ተገለጠ፦ ለሕዝብ የሚታየው ቦርድ፣ ገለልተኛ አባላት ያሉት፣ በዓመታዊ ሪፖርት ስሙ የሚጠራው ቦርድ፣ ከሁሉ በሚከብደው ውሳኔ ላይ ሳይጠየቅ ሊታለፍ የሚችል ነበር። ሕጉ በንባቡ ሊሆን የሚችል ነው፤ እኔ ግን ገለልተኛ ዳይሬክተር የሚለውን ቃል በዚህ ዓይነት ድርጅት ሰነድ ውስጥ ባየሁ ቁጥር «በምን ጉዳይ ላይ?» ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ገለልተኞቹ ቢጠየቁስ? ኤል ፓሶ የተባለው ኩባንያ በ2010 በጆርጂያ ግዛት ኤልባ ደሴት ላይ ያለውን የፈሳሽ ጋዝ ተርሚናልና ከእርሱ ጋር የተያያዘውን ቧንቧ በሁለት ዙር ለራሱ ሽርክና ሸጦ ነበር። ሻጩም የገዢው አስተዳዳሪም ኤል ፓሶ ስለሆነ ገለልተኛ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ የገንዘብ አማካሪ ቀጥሮ ግዢውን አጸደቀ። እኚሁ ዳኛ ላስተር በኤፕሪል 2015 ኮሚቴው ራሱ ግዢው ለሽርክናው ይበጃል ብሎ አላመነም በማለት፣ ሽርክናው በሁለተኛው ዙር 171 ሚሊዮን ዶላር አብልጦ እንደከፈለ ፈረዱ። ዳሩ ግን ኤል ፓሶን በ2012 የገዛው ኪንደር ሞርጋን በኖቬምበር 2014 ሽርክናውን ጠቅልሎ ወስዶት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2016 ክሱ የሽርክናው እንጂ የባለድርሻው ስላልሆነ፣ ሽርክናው ሲዋሐድ የመክሰስ መብቱም አብሮ ሄዷል ብሎ ፍርዱን ሻረ። ተከሳሹ ከሳሹን ገዝቶታል ማለት ነው።

የኪንደር ሞርጋኑ መጠቅለል የዘመን ለውጥ ምልክትም ነበር። ከማርች 2018ቱ ውሳኔ በኋላ ዊልያምስ፣ ኤንብሪጅና ሌሎችም በእነርሱ ሥር የነበሩትን የቧንቧ ሽርክናዎች ወደ ዋናው ኩባንያ ጠቀለሉ፤ የአሜሪካ የኩባንያ ግብር ከ35 ወደ 21 በመቶ መውረዱም የሽርክናውን ጥቅም አሳንሶት ነበር። የእነዚህ ኩባንያዎች ባለአክሲዮኖች ዛሬ ቦርዳቸውን ይመርጣሉ። ከትልልቆቹ መካከል ኢነርጂ ትራንስፈርና ኢንተርፕራይዝ ፕሮዳክትስ ግን እስካሁን በሽርክና መልክ አሉ፤ ድርሻቸው በገበያ ይሸጣል፣ አስተዳዳሪ ሸሪካቸው ደግሞ በአንደኛው በመሥራቹ በኬልሲ ዋረን፣ በሌላው በመሥራቹ በዳንካን ቤተሰብ እጅ ነው። እንዲህ ያለ ድርሻ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከዓመታዊ ሪፖርቱ ይልቅ የሽርክና ውሉን ፈልጎ፣ አስተዳዳሪው ከግዴታ ነጻ የሚሆንበትን ክፍል፣ ድርሻን በግዴታ ስለመግዛት የሚናገረውን ክፍልና «በብቸኛ ውሳኔው» የሚለው ሐረግ የተጻፈባቸውን ቦታዎች ቢያነብብ ከየትኛውም ሠንጠረዥ የተሻለ ነገር ያገኛል። ውሉ ለሁሉም ክፍት ሆኖ በአሜሪካ የገበያ ተቆጣጣሪ መዝገብ ውስጥ ይገኛል።

ቦርድዎክ ዛሬ ሙሉ በሙሉ የሎውስ ነው። ግዢው በተጠናቀቀበት ዕለት፣ ጁላይ 18 ቀን 2018፣ በዋሽንግተን ኮሚሽኑ የመጨረሻ ደንቡን አወጣ። የግብር ሒሳባቸውን ከታሪፍ ያስወጡ ሽርክናዎች፣ ለወደፊት ግብር በሚል ከደንበኞች አስቀድመው የሰበሰቡትንም ገንዘብ ከስሌቱ ሊያወጡ እንደሚችሉ ገለጸ፤ ይህም በማርች የተፈራውን የታሪፍ ቅናሽ በብዙ መንገድ የሚያቀልል ነበር። የሕዝቡ ድርሻ በዚያው ዕለት ወደ ሎውስ ተዛውሯል።